ግላዲያተርን ለሰባተኛ ጊዜ

ጥያቄ፦ «ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ደም ማየት የዕለት እንጀራዬ ነው፤ እውነቴን ነው የምልዎት፣ ሰልችቶኛል። ግን አዳር ጨርሼ ቤት ስገባ እንቅልፍ እስኪወስደኝ የምከፍተው ‹ግላዲያተር›ን ነው። ስድስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሌላም የድሮ ዘመን ፊልም ቢሆን ሰይፍና በቀል ካለበት አላልፈውም። ወንድሜ ‹አንቺ ልጅ፣ ሆድሽ ውስጥ ቂም አለ› እያለ ይስቅብኛል። እውነት ቂመኛ ሆኜ ነው? ደግሞስ ታሪኩ የተፈጸመ ነው ወይስ ፈጠራ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ለወንድምሽ ቶሎ መልስ እንድትሰጪው ከእሱ ልጀምር። ቂመኛ አይደለሽም። ብትሆኚም እንኳ ፊልሙን የምትወጂው በዚያ አይደለም። እኔ ስክሪፕት አጻጻፍ ነው የማስተምረው፤ የሰው ፊልም ፈታትቶ መልሶ መግጠም ሥራዬ ነው። ይሄኛውን ከተማሪዎቼ ጋር ስንት ጊዜ እንደፈታታሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ስድስት ጊዜ ማየት የሚያሳፍር ከሆነ እኔማ መደበቅ አለብኝ።

ለሰባተኛ ጊዜ ስትከፍቺው አንድ ነገር ታዘቢልኝ። ሻይሽን የምትረሺው የቱ ጋ ነው? የመጀመሪያው ጦርነት ላይ አይመስለኝም። ያ ሁሉ የእሳት ፍላጻ እየዘነበ ሰው ስልኩን ይነካካል። ነብሮቹ ሲለቀቁም አይደለም። ራስ ቁሩ ሲወልቅ ነው። ክፍል ውስጥ ባሳየሁት ቁጥር ተማሪዎቹ ጸጥ የሚሉት እዚያ ጋ ነው፤ ወንበር እንኳን አይንቋቋም።

እስቲ ትዕይንቱን ቀስ ብለን እንየው። የሮም ግላዲያተሮች (የአደባባይ ተፋላሚዎች) በሚዋጉበት በኮሎሲየም መሃል አንድ ባሪያ ቆሟል። ፊቱን ራስ ቁር ሸፍኖታል። እንዲታረድ ነበር ያስገቡት፣ አሸንፎ ቆመ። ሕዝቡ አብዷል። ወጣቱ ቄሳር ኮሞደስ ጀግናውን በቅርብ ሊያይ ሜዳው ድረስ ይወርዳል። ስምህ ማነው ይለዋል። ባሪያው «ግላዲያተር ነው ስሜ» ብሎ ጀርባውን ይሰጠዋል። ለቄሳር ጀርባ መስጠት! ኮሞደስ ይቆጣል፤ ራስ ቁርህን አውልቅ፣ ስምህን ተናገር ይላል። ዝምታ። ከዚያ ሰውየው ራስ ቁሩን አውልቆ ዞር ይላል። ሞቷል የተባለው ጄኔራል ማክሲመስ ነው።

እዚህ ጋ ማንም አልተወጋም። ሰውየው ያደረገው ስሙን መናገር ብቻ ነው። ግን አነጋገሩን እይው። መጀመሪያ ሙሉ ስሙን ይጠራል። ቀጥሎ ሹመቱን፦ የሰሜን ጦር አዛዥ። ቀጥሎ የማን አሽከር እንደሆነ፦ የእውነተኛው ንጉሠ ነገሥት፣ የኮሞደስ አባት የማርከስ ኦሬሊየስ። ቀጥሎ የተገደለው ልጅ አባት፣ የተገደለችው ሚስት ባል። መጨረሻ ላይ መሐላ፦ በዚህ ዓለም ባይሆን በወዲያኛው እበቀላለሁ።

ይሄ እኮ ፉከራ ነው! «ዘራፍ!» ብሎ የሚነሳው የሀገራችን ፎካሪ የሚለው ምንድነው? የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ አሽከር እያለ ራሱን ያስተዋውቃል። የፈረስ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። የዋለበትን ይቆጥራል። ከዚያ ወደፊት የሚያደርገውን ይምላል። የ«ግላዲያተር» ስክሪፕት ላይ ስማቸው የሰፈረው ሦስት ሰዎች፣ ዴቪድ ፍራንዞኒ፣ ጆን ሎጋንና ዊሊያም ኒኮልሰን፣ ፉከራ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። የተዋረደ ሰው አደባባይ ሲቆም አፉን የሚከፍተው የትም ቢሆን እንዲሁ ነው መሰለኝ።

ይሄንን ያስተማሩኝ መምህር አይደሉም፣ አንድ ዘበኛ ናቸው። ፊልሙ በ2000 ነው የወጣው (ዓመት የምጠራው ሁሉ በፈረንጅ ነው)። እኔ ያየሁት ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። የቆርቆሮ ክፍል፣ የእንጨት አግዳሚ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ የተጋረደበት። አንድ ብር ከፍለን ተጠጋግተን ተቀምጠናል። አንድ የግቢ ዘበኛ አባባ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ያያሉ። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ራስ ቁሩ ሲወልቅና ሰውየው መናገር ሲጀምር ወደ እኔ ዘንበል አሉና በሹክሹክታ «አሁን ስሙን ተናገረ፣ አይደል?» አሉኝ። አዎ አባባ አልኩ። «እንግዲህ አለቀለት» አሉ። ለማን እንዳለቀለት አልነገሩኝም። ለሁለቱም ነበር፤ ያኔ አልገባኝም እንጂ።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው፦ የምትጠብቂው ደሙን ሳይሆን ስሙን ነው። የተወሰደበት ሰው ስሙን በሰው ፊት ሲያስመልስ ማየት ነው የምትፈልጊው። አማርኛችን ራሱ ይሄን ያውቀዋል። ሰው ክብሩ ሲነካ «ስሜን አጠፋው» ነው የሚለው። የታወቀ ሰው «ስመ ጥር» ነው። ክብር ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ሌሎች ሰዎች ዘንድ በአደራ የተቀመጠ ነው። ለዚህ ነው የበቀል ፊልም ያለ ምስክር የማይቆመው። አንቺም ድንገተኛ ክፍል ሆነሽ ታውቂዋለሽ። ስሙ ያልታወቀ በሽተኛ ሲገባ ካርዱ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ቤተሰብ መጥቶ ስሙን ሲጠራው ደግሞ ክፍሉ እንዴት እንደሚለወጥ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፊልሙ ይሄን ሐሳብ በግልጽ የሚያስቀምጥበት ቦታም አለ። ፕሮክሲሞ የሚባለው የግላዲያተሮች ነጋዴ ማክሲመስን ይመክረዋል፦ እኔ ነጻ የወጣሁት ጥሩ ገዳይ ስለሆንኩ ሳይሆን ሕዝብ ስለወደደኝ ነው፤ ሕዝቡን ያዝ። (ፕሮክሲሞን የተጫወተው ኦሊቨር ሪድ ቀረጻው ሳያልቅ በ1999 ማልታ ላይ ሞተ። የቀሩትን ትዕይንቶች በምትክ ሰውና በኮምፒውተር ነው የጨረሷቸው። ይሄን ካወቅሽ በኋላ ፊቱን ባየሽ ቁጥር ሆድሽ ይባባል፤ ባልነግርሽ ይሻል ነበር።)

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር። ለምን የድሮ ዘመን? ለምን ሰይፍ?

ተማሪዎቼ የበቀል ስክሪፕት ይወዳሉ፤ በየዓመቱ አንድ አይጠፋም። አንዴ አንዱ ልጅ ጥሩ አድርጎ የጻፈውን ክፍል ውስጥ አነበበልን። የባለታሪኩን አባት ቤት አንድ ባለሀብት በሐሰተኛ ሰነድ ይወስድበታል፤ አባት በብስጭት ይሞታል፤ ልጅ ሽጉጥ ይገዛል። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ለምን አይከስም?» ደራሲው «ዳኛው ተገዝቷል» አላት። «ይግባኝስ?» «እሱም ተገዝቷል።» «ሰበር ሰሚስ?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፊልሙም እዚያው ሞተ።

በዛሬ ዘመን የበቀል ታሪክ ስትጽፊ ግማሽ ጉልበትሽ የሚያልቀው ፖሊስና ፍርድ ቤቱን ከመንገድ በማውጣት ነው። ከወጡ በኋላም ተመልካቹ ልቡ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ድሮ ላይ ስትወስጂው ይሄ ሁሉ የለም። ማክሲመስ ማን ዘንድ ይክሰስ? ገዳዩ ራሱ ቄሳር ነው። የመጨረሻው ዳኛ እሱ ነው። አባት ዳኛ፣ ልጅ ቀማኛ ይላል ያገሬ ሰው፤ ማርከስ ኦሬሊየስና ኮሞደስን በአራት ቃል ጨርሷቸዋል። ሕግ አምላክ ብለሽ የምትጮሂበት ደጅ ሲጠፋ፣ በቀል ወንጀል መሆኑ ይቀርና የቀረ ብቸኛ መንገድ ይሆናል። አንቺም ሶፋሽ ላይ ሆነሽ ያለ ጸጸት ትፈርጃለሽ።

ሰይፉም ጥቅም አለው። ሽጉጥ ከሩቅ ይገድላል። ሰይፍ ግን ሁለቱን ሰዎች አንድ ክንድ ርቀት ላይ አምጥቶ ፊት ለፊት ያቆማቸዋል። በዳይ የተበዳዩን ፊት ሳያይ አይሞትም። ካሜራውም ሁለቱን ፊቶች በአንድ ላይ ያገኛል። ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነው።

ይሄ ዓለም ለእኛ ሩቅ አለመሆኑም አንድ ነገር ነው። ደም መላሽ፣ ደመኛ፣ የደም ዋጋ የምንለው ቃል ሁሉ ከአያቶቻችን የመጣ ነው። በድሮው ፍርድ ገዳይ ሲፈረድበት ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር፤ ደሙን ወይም ገንዘቡን መምረጥ የእነሱ ነው። እርቁም ቢሆን አደባባይ ላይ ነው፤ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ሽማግሌ ፊት ይወድቃል። በኦሮሞ ባህል ጉማ የሚባለው ሥርዓትም ደምን በካሣና በእርቅ የሚዘጋ ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1970ዎቹ «ጉማ» ብሎ በዚሁ ላይ ፊልም ሠራ፤ የዛሬው የጉማ ሽልማት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እንግዲህ የሮም ባሪያ ለልጁ ደም ሲምል ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ብሎ ያሳደገን ሕዝብ መሃል ነው ያደግነው።

ታዲያ በቀል ብቻውን ሰውን አያስወድድም። ደራሲዎቹ ማክሲመስን በደል ሳይደርስበት በፊት ያስወድዱሻል። እንዴት እንደሚያደርጉት ልንገርሽ፤ እዚህ ነው ሙያው ያለው።

ፊልሙ የሚከፈተው በእጅ ነው። አንድ የወንድ እጅ የበሰለ ስንዴ ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሰይፍ የለም፣ ፊት የለም። ከዚያ ጭቃና ብርድ ያለበት የጀርመን ጦር ሜዳ ላይ ማክሲመስን እናገኘዋለን፤ አንዲት ትንሽ ወፍ አይቶ ፈገግ ይላል። ወፏ ትበራለች፣ ፈገግታው ይጠፋል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። አንዲት ቃል ሳይናገር ይሄ ሰው ገዳይ መሆን እንደማይወድ አውቀሻል። ከእያንዳንዱ ፍልሚያ በፊት ደግሞ አፈር ዘግኖ መዳፉን ያሻል። ተዋጊ ነው፤ ግን የገበሬ እጅ ነው ያለው። ንጉሡ ዙፋን ሲሰጡት አልፈልግም ይላል። የሚፈልገው እስፔን ያለችውን እርሻውን፣ ሚስቱንና ልጁን ነው።

በሚስትና በርስት ቀልድ የለም የሚባለውን ታውቂያለሽ። ኮሞደስ የነካው ሁለቱንም ነው። ቤቱ ተቃጥሎ፣ ሚስቱና ልጁ ተሰቅለው የሚያገኝበትን ትዕይንት አስታውሺ። ካሜራው የሬሳዎቹን ፊት አያሳይሽም፤ ከታች ሆኖ የማክሲመስን ፊት ነው የሚያሳይሽ። ራስል ክሮው አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ምራቁ እየተንጠባጠበ ያለቅሳል። ቆንጆ ልቅሶ አይደለም። እንዲህ ያለ ለቅሶ በሥራሽ ኮሪደር ላይ ሳታዪ አትቀሪም። ከዚህ በኋላ ደራሲው የፈለገውን ቢጽፍ ትከተይዋለሽ።

እዚህ ጋ ግን ቅሬታ አለኝ። ያቺ ሚስት ስም እንኳ የላትም። አትናገርም። ያለችው ተገድላ ባሏን ለማስነሳት ነው። ከ«ግላዲያተር» አምስት ዓመት ቀድሞ በ1995 በወጣው «ብሬቭሃርት» ውስጥም ያው ነው። ዊሊያም ዋላስ በሰላም ላርስ ያለ ሰው ነው፤ ሚስቱ ጉሮሮዋ ሲቆረጥ ይነሳል። ሁለቱም ፊልሞች አምስት አምስት ኦስካር ወሰዱ፤ ሁለቱም የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተባሉ። ከዚያ ወዲህ በየስክሪፕቱ የመጀመሪያ ሃያ ገጽ ውስጥ አንዲት ሚስት ትሞታለች። ተማሪዎቼ እንዲህ ሲያመጡልኝ ሴትየዋ ቁርስ ምን እንደምትወድ ንገሩኝ እላቸዋለሁ። ካላወቁ ሞቷም አይቆጠርም።

አሁን ታሪኩ እውነት ነው ወይ ላልሽው። ማክሲመስ ፈጠራ ነው። የቀሩት ዋና ዋና ሰዎች ግን ነበሩ፤ ነገሩም በአንዳንድ በኩል ከፊልሙ የባሰ ነው።

ማርከስ ኦሬሊየስ በ180 ዓ.ም. ነው የሞተው። ልጁ አንቆ ገደለው የሚለው የፊልሙ ነው። ሥልጣኑንም ከልጁ ሊነጥቅ አላሰበም፤ ኮሞደስ ከ177 ጀምሮ ከአባቱ ጋር አብሮ ንጉሠ ነገሥት ነበር። ከአባቱ ሞት በኋላ ደግሞ ብቻውን አሥራ ሁለት ዓመት ገዛ። ፊልሙ ላይ ያየሽው ወራት የሚመስለው ነገር በእውነቱ ይሄን ያህል ነው። እህቱ ሉሲላ ልታስገድለው አሲራ ነበር፤ ከሸፈ፤ ወደ ካፕሪ ደሴት ተጋዘችና እዚያ ተገደለች።

ኮሞደስ ሜዳ ገብቶ ይዋጋ የነበረው ግን እውነት ነው። ካሲየስ ዲዮ የሚባል የሸንጎ አባል በዓይኑ ያየውን ጽፎታል። አንድ ቀን ኮሞደስ ሰጎን ገደለ። የሰጎኗን አንገት ቆረጠና በግራ እጁ ጭንቅላቷን፣ በቀኝ እጁ ደም ያለበት ሰይፉን ይዞ ሸንጎዎቹ ወደተቀመጡበት መጣ። አልተናገረም። ጭንቅላቱን ወዝወዝ አድርጎ ፈገግ አለ፤ እናንተም ነገ እንዲህ ናችሁ ማለቱ ነው። ዲዮ ምን ይላል መሰለሽ? አልፈራንም፣ ሳቃችን መጣብን። ቢስቁ ደግሞ ይታረዳሉ። ስለዚህ ራሱ ላይ ካጠለቀው የአበባ ጉንጉን ቅጠል በጥሶ ማኘክ ጀመረ፤ አጠገቡ ላሉትም እንደሱ እንዲያደርጉ ነገራቸው። የሮም ታላላቅ ሰዎች ተሰልፈው ሳቃቸውን ለመደበቅ ቅጠል ያኝካሉ። ይሄን ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ ብትጨምሪው ማንም አያምንሽም።

አሟሟቱስ? የ192 የመጨረሻ ቀን ላይ ውሽማው ማርሺያ መርዝ ሰጠችው። አስታወከው። ሴረኞቹ ደነገጡ። ከዚያ ናርሲሰስ የሚባል አብሮት የሚለማመድ ታጋይ ላኩበትና መታጠቢያ ቤት አነቀው። አለቀ። ሕዝብ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ስም የተናገረም የለም። ለሮም ነጻነት ስትል ዓይኗ የሚያለቅስ እህትም የለችም፤ ከሞተች ቆይታለች። በፊልሙ እንደተባለው ሥልጣን ለሕዝብ አልተመለሰም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በ193፣ የቄሳር ክብር ዘቦች አዲሱን ንጉሥ ገድለው ዙፋኑን በጨረታ ሸጡት። ዲዲየስ ጁሊያነስ የሚባል ሀብታም ገዛው፤ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ቆየበት።

አየሽ ምን እንዳደረጉ? ደራሲዎቹ ሞቱን ከመታጠቢያ ቤት አውጥተው ኮሎሲየም መሃል አደረጉት። ታሪክ የሰጣቸው ግድያ ነበር፤ ምስክር ስላልነበረው በቀል ሊሆን አልቻለም። ሃምሳ ሺ ሰው አመጡና አስቀመጡለት። ያውም ሰዉ በአብዛኛው በኮምፒውተር የተሠራ ነው፤ ማልታ ላይ በትክክል የተገነባው የኮሎሲየሙ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ከታሪክ ባለሙያዎች ጋር የማልስማማው እዚህ ነው። እነሱ ስህተቱን ይቆጥራሉ፤ እኔ ደግሞ ስህተቱ ለምን እንዳስፈለገ ነው የሚገርመኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መዘግየት። ፊልሙ 155 ደቂቃ ነው። ራስ ቁሩ የሚወልቀው መሃል አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ እንኳ ኮሞደስ ወዲያው አይሞትም። የበቀል ታሪክ ጣዕሙ ጥበቃው ላይ ነው። ጃፓኖች ይሄን ከሁሉም በላይ ያውቁታል። በ1701 አሳኖ የሚባል መስፍን በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ) ቤተ መንግሥት ውስጥ ኪራ የሚባል ባለሥልጣንን በጩቤ አቆሰለ። በዚያው ቀን ራሱን እንዲገድል ተፈረደበት። ጌታ አልባ የቀሩት ሎሌዎቹ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ኪራን ገደሉት፤ አርባ ሰባት ነበሩ። እስከዚያ ድረስ መሪያቸው ኦይሺ ኪዮቶ ውስጥ ሰካራም መስሎ ኖረ፤ ሰው እንዲንቀው። ክብሩን ለማስመለስ መጀመሪያ ክብሩን ራሱ ጣለው። ከዚያ መንግሥት ሞት ፈረደባቸው፤ ግን እንደ ሽፍታ ከመሰየፍ ይልቅ በክብር ራሳቸውን እንዲገድሉ ፈቀደ። መቃብራቸው ቶኪዮ፣ ሴንጋኩጂ ገዳም ውስጥ ነው፤ ዛሬም ሰው ዕጣን ያጨስላቸዋል።

ለዚህ ነው ሰባተኛውን ትቼ ሌላ ፊልም ላዝልሽ የፈለግሁት። ማሳኪ ኮባያሺ በ1962 የሠራው «ሃራኪሪ»፤ ሆድን በሰይፍ ቀዶ ራስን መግደል ማለት ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጃፓንኛ ነው፣ ከአዳር ሲመለሱ አይታይም፤ እረፍት ቀን ያስፈልገዋል። ኮባያሺ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተገዶ የተመለመለ ወታደር ነበር፤ መኮንን ሁን ሲሉት እምቢ አለ። ስለ ወታደር ክብር ሲነግርሽ ከውስጥ ነው የሚነግርሽ።

ዘመኑ 1630 ነው። ጦርነት አልቋል፤ ጌታ የሌላቸው ሳሙራዮች፣ የጃፓን ተዋጊዎች፣ በረሃብ ያልቃሉ። ጹጉሞ የሚባል አንድ ሽማግሌ ሳሙራይ ታላቁ የኢይ ቤት ደጅ ይመጣና፣ እዚህ ግቢያችሁ ውስጥ ራሴን በክብር ልግደል ይላል። የቤቱ አዛዥ ያመነታል። ከዚህ በፊት አንድ ወጣት እንዲሁ ብሎ መጥቶ ነበር፤ ሳንቲም ሰጥተው እንዲያባርሩት ነበር ፍላጎቱ። እነሱ ግን መቀጣጫ እንዲሆን በል ሙት አሉት። የያዘው ሰይፍ ቀርከሃ ነበር። በቀርከሃ አስገደዱት።

ወጣቱ የሽማግሌው የልጁ ባል ነው። ብረቱን የሸጠው ለታመመች ሚስቱና ትኩሳት ላይ ላለ ልጁ ነው። ሽማግሌው ሬሳው ቤት ሲመጣ፣ ያን ቀርከሃ ሲያይ የሚለውን ልብ በይ፦ እኔ የራሴን ሰይፍ መሸጥ አላሰብኩም፤ ይሄን ከንቱ ነገር ሙጥኝ ብዬ ይዣለሁ። ክብር የተባለው ነገር ወገቡ ላይ ተንጠልጥሎ የልጅ ልጁ መድኃኒት አጥቶ ነበር ማለት ነው። ይሄን ቦታ አንቺ ከእኔ በተሻለ ታዪዋለሽ።

በቀሉን እዚህ አልነግርሽም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጥያቄሽን የሚመልሰው እሱ ነው። ሽማግሌው ግቢው መሃል ነጭ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን የቤቱ ሳሙራዮች ተደርድረዋል። ለአማቹ ሞት ዋና የሆኑት ሦስት ሰዎች ዛሬ አልመጡም፤ ታመናል ብለዋል። እሱም ታሪኩን ሲጨርስ እጁን ወደ ደረቱ ይሰድና ሦስት ነገር አውጥቶ መሬት ላይ ይጥላል። የተቆረጠ የፀጉር ጉንጉን ነው። ለሳሙራይ ያን ማጣት አንገት ከማጣት የባሰ ነው። አልገደላቸውም። ፀጉራቸውን ነው የቆረጠው፤ እነሱ ደግሞ እስኪያድግ ድረስ አልጋ ውስጥ ተደብቀዋል።

ከዚህ በኋላ ውጊያ አለ፣ ሰው ይሞታል። እኔ ግን እሱን ብዙ ጊዜ አላየውም፤ ፀጉሩ መሬት ሲነካ አቆመዋለሁ። አንድ ጊዜ ግን እስከ መጨረሻው እይው። መጨረሻ ላይ የቤቱ የዕለት መዝገብ ይነበባል። የሞቱት የቤቱ ሰዎች በሙሉ በሕመም እንደሞቱ ነው የሚለው። ምስክሮቹ ሁሉ እዚያው ነበሩ።